ሎግላይን እንዴት ይጻፋል? በአንድ የድሬ ታሪክ ደረጃ በደረጃ

ስክሪፕት የጻፈ ልጅ «ፊልምህ ስለምንድን ነው?» ሲባል ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ያወራል። ከመጀመሪያው ሲን (ትዕይንት) ይነሳል። የጎረቤት ታሪክ ያስገባል። «ቆይ፣ አንድ ነገር ረሳሁ» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ የያዘው ነገር የለም። ልጁ አፍ ስለሌለው አይደለም። ታሪኩን ገና በአንድ ዓረፍተ ነገር አልጨበጠውም፣ ምናልባትም ታሪኩ ገና ታሪክ አልሆነም።

ሎግላይን የምንለው ያንን ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ፊልሙ ስለማን እንደሆነ፣ ምን እንደገጠመው፣ ምን ሊያደርግ እንደተነሳ፣ ማን እንደቆመበትና ካልተሳካለት ምን እንደሚያጣ ይናገራል።

አብዛኛው ጸሐፊ ሎግላይን የሚጽፈው ስክሪፕቱን ጨርሶ፣ ፕሮዲዩሰር ሲጠይቀው ነው። እኔ አስቀድማችሁ ጻፉት ነው የምለው። መቶ ገጽ ከመልፋታችሁ በፊት ፊልም በእጃችሁ መኖር አለመኖሩን እዚያው ታዩታላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስድስት ወር የተለፋበትን ስክሪፕት ከመሠረቱ መቀየር ግን ልብ ያደክማል፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ እዚያ ላይ ትቶታል።

ከሁለት ነገሮች ጋር አታምታቱት። ፖስተር ላይ የሚጻፈው ማራኪ መስመር ታግላይን ነው፤ ሥራው ተመልካች መጥራት ነው፣ ታሪኩን መናገር ግዴታው አይደለም። ሲኖፕሲስ ደግሞ ታሪኩን ከነመጨረሻው በአንድ ወይም በጥቂት ገጽ ያስቀምጣል። ሎግላይን መጨረሻውን አይነግርም። ሰውየውን አጣብቂኝ ውስጥ ከትቶ እዚያው ይተወዋል።

አብረን የምንሠራበት ታሪክ

ያለ ምሳሌ ይህ ነገር አይገባም። ስለዚህ አንድ የድሬ ታሪክ ፈጠራ ላውጣና ከጥሬው እንነሳ።

ልጁ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው ያደገው። እናቱ ብቻዋን ናት ያሳደገችው፤ በጅቡቲ ድንበር በደወሌ በኩል ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅና ጫማ በሌሊት እያስገባች። ልጇ ተምሮ የመንግሥት ሥራ እንዲይዝ ቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። ስለቷ ሠመረ። ልጁ ተመረቀ፣ የመንግሥት ሥራም ያዘ። የያዘው ሥራ ግን ጉምሩክ ነው፣ ፈታሽ።

ይህን ስሰማ እኔ ወንበሬን እጠጋለሁ። የሆነ ነገር አለው። ግን እስካሁን ሁኔታ እንጂ ፊልም አይደለም። ጸሐፊውን ልጅ «ሎግላይን ስጠን» ብትሉት መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ይመስላል፦

«በድሬዳዋ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት በእናቱና በሥራው መካከል የሚገጥመውን ልብ አንጠልጣይ ፈተና የሚያሳይ አስተማሪ ፊልም።»

ልብ አንጠልጣይነቱን ነገረን፣ ልባችንን ግን ምንም አላንጠለጠለውም። አስተማሪ ነው አለን፣ ምን እንደሚያስተምር ግን የለም። ጉምሩኩም፣ ኮንትሮባንዱም፣ ስለቱም ጠፉ። ታሪኩን ልዩ ያደረጉት እነዚያው ነበሩ። አሁን ቀስ እያልን እናውጣቸው።

1. ሰውየውን ያዙ

ስሙን ተዉት። «ዮናስ» ወይም «አብዲ» ብትሉ አንባቢው የሚያውቀው ነገር የለም። የሚጠቅመው ሥራው ወይም የኑሮው ቦታ ነው፣ ከዚያ አንድ ገላጭ ቃል። «ጀማሪ የጉምሩክ ፈታሽ» በሦስት ቃል ዕድሜውን፣ ሥልጣኑንና ፍርሃቱን ያሳያል። ጀማሪ ስለሆነ አለቃ አለበት፣ ራሱን ማሳየት ይፈልጋል፣ ቢሳሳት የሚሸፍነው የለም። «ደፋር ወጣት» ግን ማንም ነው።

ገላጩ ቃል ከችግሩ ጋር የሚጋጭ ሲሆን ይበረታል። ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ይህ ችግር በዓለም ላይ ለማን ቢደርስ ነው የሚከፋው? ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሰው ማውጣት ስላለበት ሰው ታሪክ ከጻፋችሁ፣ ዋናተኛ አድርጋችሁ አትሳሉት። በ1998ቱ የድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወንድሙን ያጣና ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባ የወንዙን አሸዋ የማይሻገር የባጃጅ ሾፌር አድርጉት። ወዲያው ፊልሙ ይታያችኋል። ገና ምንም ሳይሆን ሰውየው ራሱን እየታገለ ነው።

የኛ ፈታሽ ይህ ነገር በደንብ አለው። ከሌሎቹ ፈታሾች ሁሉ የኮንትሮባንድ ዕቃን አያያዝ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኖ አብሮ አስሯል። እናቱ ጆንያውን ሁለት ጊዜ ትጠመዝዘዋለች። ገመዱን በግራ አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፣ መንገድ ላይ በርካታ እጅ ቢነካውም የተፈታ ቋጠሮ ወዲያው እንዲታወቃት። ይህን ያውቃል። የሚያሳድገውም የሚያጠፋውም ይኸው እውቀት ነው። ስለዚህ ሰውየው «እናቱ በኮንትሮባንድ ያስተማረችው ጀማሪ የጉምሩክ ፈታሽ» ይሆናል። ስድስት ቃል ነው፣ ግጭቱ ግን ከወዲሁ ውስጡ ተቀምጧል።

2. ነገሩ የተገለበጠበትን ቀን ፈልጉ

ሰውየው ትናንት እንደ ወትሮው ይኖር ነበር። ዛሬ ምን ሆነ? መልሱ አንድ ክስተት መሆን አለበት፣ በዓይን የሚታይ፣ ቀን ያለው። «ሕይወቱ ይመሰቃቀላል» ክስተት አይደለም። «ያልተጠበቀ ነገር ይገጥመዋል» ደግሞ ጭራሽ ባዶ ነው። ያልተጠበቀውን ነገር ንገሩን።

ጸሐፊው በሁለተኛው ሙከራው እንዲህ ይላል እንበል፦ «ጀማሪ የጉምሩክ ፈታሽ እናቱ ኮንትሮባንድ እንደምትነግድ ይደርስበታል።»

እዚህ ጋ ነው ሎግላይን ጥቅሙን የሚያሳየው። ወዲያው ቀዳዳው ይታያል። ይህ ልጅ በዚያ ንግድ ነው ያደገው፤ እንዴት ነው አሁን የሚደርስበት? ስክሪፕት ውስጥ ቢሆን ይህ ቀዳዳ ሠላሳ ገጽ ስር ተደብቆ ይቀር ነበር፣ ፊልሙ ሲታይ ግን ተመልካቹ ከወንበሩ ይጠይቀዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መደበቂያ የለውም።

መፍትሔው ታሪኩን የበለጠ አሳመመው። ልጁ ሥራ የያዘ ዕለት እናቱ «በቃ፣ ትቼዋለሁ» ብላ ምላለታለች። አምኗታል። ከዚያ አንድ ሌሊት ኬላ ላይ የተያዘ ጭነት ሲፈትሽ ያንን ቋጠሮ ያየዋል። ገመዱ በግራ ዞሯል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ማንም አልነገረውም፣ ማንም አልጠቆመውም። እጁ ነው ያወቀው። አለቃው ከኋላው ቆሞ «ምን አገኘህ?» ሲለው ምን ይመልሳል?

ቀኑ ይኸው ነው።

3. ምን ይፈልጋል?

ካሜራ ሊያየው የሚችል ነገር መሆን አለበት። «ሰላም ማግኘት»፣ «ራሱን መሆን»፣ «ማንነቱን መፈለግ» የሚሉትን በቀረጻ ሜዳ ላይ ዳይሬክተሩ ምን አድርጎ ይቀርጻቸዋል? ስሜቱ ፊልሙ ውስጥ ይኑር፣ ሎግላይኑ ላይ ግን የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። ማስለቀቅ፣ መመለስ፣ ማስመስከር፣ ማምለጥ፣ መሸጥ፣ መቅበር። እነዚህ የሚታዩ ግሦች ናቸው። የኛ ፈታሽ እናቱን ከንግዱ ሊያስወጣት ይፈልጋል።

4. ማን ቆመበት?

«ድህነት»፣ «ዕጣ ፈንታ»፣ «የኅብረተሰቡ አመለካከት» የሚል መልስ ይበዛል። እውነት ነው፣ ሰውን የሚያደቁት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ድህነት በር አንኳኩቶ ገብቶ ሻይ አይጠጣም። ድህነቱን የሚያመጣ ፊት ስጡት፤ አበዳሪ፣ አከራይ፣ አጎት፣ አለቃ።

በኛ ታሪክ እናቲቱ ለምን መሐላዋን አፈረሰች? በገንዘብ ጥማት ካልን ትናንሳለች፣ እኛም እንጠላታለን። በዕዳ ተይዛ ነው ብንልስ? ልጇ ዩኒቨርሲቲ እያለ ወጪውን የሸፈነላት አንድ ትልቅ ነጋዴ ነው። ዕዳው አላለቀም። ይህ ሰው ጭራቅ መሆን የለበትም፤ በክፉ ቀን ደርሶላታል፣ ልጁን እንደ ልጁ ያየዋል፣ እንዲያውም በምረቃው ቀን ሙክት አርዷል። ሰጥቶ የያዘ ሰው ከዘረፈ ሰው ይልቅ ለመጋፈጥ ይከብዳል። ባላንጣችሁ የራሱ እውነት ካለው ሲኖቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

5. ቢያቅተውስ? እስከ መቼ?

ኪሳራው የግል ይሁን። «ከተማዋ ትጠፋለች» ከሚል ማስፈራሪያ ይልቅ «እናቱን በገዛ እጁ ያስራታል» የሚለው ነው የሚያንገበግበው።

የጊዜ ገደብ ግዴታ አይደለም፣ ካለ ግን ከታሪኩ ይውጣ። ከባዕድ ፊልም የተቀዳ «72 ሰዓት» እዚህ አያስፈልገንም። እኛ ታኅሣሥ 19 አለን። የቁልቢ ንግሥ ሲደርስ መንገዱ በእግረኛና በመኪና ይሞላል፣ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ሽፋን የለም፣ ለኬላ ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሌሊት የለም። በዚያ ላይ እናቲቱ ስለቷን የምታገባው በዚያው ቀን ነው፣ ልጇ የመንግሥት ሥራ ስላገኘ። ገደቡን ከታሪኩ ውስጥ ስታወጡት ምን ያህል ነገር ጎትቶ እንደሚመጣ አያችሁ? ይህ ሁሉ ሎግላይኑ ላይ አይገባም፤ «እስከ ቁልቢ ንግሥ» የሚለው ሦስት ቃል ብቻ ይበቃል። የአገሩ ሰው ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

6. ዓረፍተ ነገሩን መግጠም

አሁን ዋናው ሥራ። ስለ ሎግላይን የምናነበው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገራቸው ሰውየውን፣ ግሡን፣ ከዚያ ሌላውን ነው የሚያስከትለው። የኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን ካላሰብንበት ሎግላይናችን የባቡር ፉርጎ ይሆናል፤ ተቀጣጥሎ ተቀጣጥሎ ሞተሩ የት እንዳለ አይታወቅም።

ትልቁ በሽታ የ«የ» ክምር ነው። «በልጅነቱ አባቱን በሞት የተነጠቀ፣ በእናቱ ጥረት ያደገ፣ በትምህርቱ ጎበዝ የነበረና በቅርቡ በጉምሩክ የተቀጠረ ወጣት…» እያለ ይሄዳል። ሰውየው ጋ እስክንደርስ ትንፋሻችን አለቀ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከሰውየው በፊት አንድ ገላጭ ሐረግ ብቻ ፍቀዱ። ሁለተኛው የግድ ከሆነ ከባዱን ሐሳብ የተሸከመውን ያዙ፣ ሌላውን ጣሉ። የአባቱ ሞት ስክሪፕቱ ውስጥ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን ተብሎ ሁሉን በ«ሲ…» እና በ«እና» ማሰር ነው። «ሲያገኝ… ሲጀምር… ሲፈልግ…» ተብሎ አራት «ሲ» ከተደረደረ ዋናው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። በአማርኛ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ከአንድ ረጅም ይሻላል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ሰውየውንና ቀኑን ይያዝ፣ ሁለተኛው ግቡን፣ ባላንጣውንና ኪሳራውን።

ሦስተኛው ደግሞ ጥቅማችን ነው። ግሣችን መጨረሻ ስለሆነ ከባዱን ነገር መጨረሻ ላይ መጣል እንችላለን። እነዚህን ሁለቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

«ካላስለቀቃት ኬላው ላይ በገዛ እጁ እናቱን ይይዛታል።»

«ካላስለቀቃት ኬላው ላይ በገዛ እጁ የሚይዘው እሷን ነው።»

ሁለተኛው ይመታል። እስከ መጨረሻው ድረስ ማን እንደሚያዝ አልነገረንም፣ ከዚያ «እሷን ነው» ብሎ ዘጋው። ሽማግሌዎቻችን ወግ ሲያወጉ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ የነገሩን ጫፍ እስከ መጨረሻው ይዘው ይቆያሉ።

ርዝመቱን በተመለከተ ከ20 እስከ 30 ቃል በቂ ነው። አማርኛ ግሥ ውስጥ አድራጊውም ተደራጊውም ስላሉ በጥቂት ቃል ብዙ ይባላል። «ካላስለቀቃት» የሚለው አንድ ቃል ወንድ መሆኑን፣ ሴት መሆኗን፣ ማስለቀቁንና ያለመሳካቱን ሥጋት ተሸክሟል። ስለዚህ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «የራሱን»፣ «ወጣቱ» እያላችሁ አትደጋግሙ። ግሡ ይሥራላችሁ።

የተደራጊ ግሥንም ተጠንቀቁ። «ይገደዳል»፣ «ይጋለጣል» የሚሉት ሰውየውን እንደ ዕቃ ያስቀምጡታል። አንዴ ቢሆን ምንም አይደለም። ሦስት ጊዜ ከመጣ ግን ሰውየው ፊልሙ ውስጥም ቁጭ ብሎ ነገር እየደረሰበት ነው ማለት ነው፤ ታሪኩን መርምሩ።

ሁሉንም ስንገጥመው ይህን እናገኛለን፦

«እናቱ በኮንትሮባንድ ያስተማረችው ጀማሪ የጉምሩክ ፈታሽ፣ በተያዘ ጭነት ላይ የእሷን ቋጠሮ ያገኛል። እስከ ቁልቢ ንግሥ በዕዳ ከያዛት ነጋዴ እጅ ካላስለቀቃት፣ ኬላው ላይ በገዛ እጁ የሚይዘው እሷን ነው።»

ሃያ ሰባት ቃል ነው። «ልብ አንጠልጣይ» የሚል የለበትም። ማን እንደሚያሸንፍ አልተናገረም። ይህን ያነበበ ፕሮዲዩሰር ዋና ተዋናዩን ማን ሊጫወተው እንደሚችል፣ ስንት ቦታ እንደሚቀረጽና ፖስተሩ ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ማሰብ ይጀምራል። የምንፈልገው እሱን ነው።

የፊልሙ ዓይነት ከተቀየረ ሎግላይኑም ድምፁን ይቀይራል። ኮሜዲ ከሆነ ሳቁ ራሱ ሐሳቡ ውስጥ ይኑር እንጂ «አዝናኝ» ብላችሁ አትለጥፉ። ይኸው ታሪክ ወደ ኮሜዲ ሲዞር እናቲቱን ፊት እናመጣታለን፦ «ልጇ ጉምሩክ ውስጥ እንዲሾምላት የቆረጠች ኮንትሮባንዲስት፣ የተቀናቃኞቿን ጭነት እየጠቆመች ታስይዝለታለች። ልጇ ሲሾም ግን የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ያልተያዘውን አንድ ነጋዴ ማደን ነው።» እዩት፣ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ፊልሙ ግን ሌላ ነው።

7. ቦታው ሥራ ይሥራ

የድሬና የሐረር ልጆች ሲጽፉ አገራቸውን መጥራት ይወዳሉ። እኔም እወዳለሁ። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የሚቀረጽ ፊልም ሁሌም ዓይን ይይዛል። ሎግላይን ላይ ግን «በድሬዳዋ ከተማ» ብሎ መጀመር ቦታ መፍጀት ነው፣ ቦታው ታሪኩን ካልገፋው። መፈተኛው እንዲህ ነው፤ ታሪኩን አንስታችሁ አዳማ ወይም ባሕር ዳር ውሰዱት። ምንም ካልተቀየረ የከተማውን ስም ሰርዙት። ከፈረሰ ታሪኩ በእርግጥ የኛ ነው፣ ያኔ ደግሞ ስሙን ሳትጠሩም ይታወቃል።

እዚህ አካባቢ ታሪክን የሚገፋ ነገር ሞልቷል። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሄድበታል፣ ይነገድበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይህ የቦታ ባሕርይ ነው፣ ሌላ ከተማ ላይ ልትለጥፉት አትችሉም።

ወይም ወደ ኋላ ሂዱ። የጅቡቲው ምድር ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በቆላው አለፈ፣ በ1895 ዓ.ም. ባዶው ሜዳ ላይ ደርሶ ድሬዳዋን ፈጠረ። ሐረር ተቀምጦ ከዘይላ ወደብ በግመል ሲነግድ የኖረ ሰው ያን ቀን ምን ተሰማው? «ዕድሜውን በግመል የነገደ የሐረር ነጋዴ፣ ባቡሩ ከተማውን ትቶ በቆላው ሲያልፍ፣ የቀረችውን አንዲት ቅፍለት ከባቡሩ ቀድሞ ወደብ ለማድረስ ይወራረዳል። ያስያዘው የልጁን ቤት ነው።» ይህ ፈጠራ ነው፣ ባቡሩ ግን እውነት ነው፣ ታሪኩም ከዚህ ምድር ውጭ አይቆምም።

ሐረር ውስጥ ደግሞ የአሹራ በዓል ሌሊት አለ። ለጅቦቹ በቅቤ የታሸ ገንፎ ይቀርባል፣ እንዴት እንደበሉትም ታይቶ የዓመቱ ዕድል ይገመታል። ጅቡ ገንፎውን ሳይነካ ቢሄድስ? ይህንን ማየት የቻለው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ? በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ያደገ ልጅ ከዚህ ተነስቶ ግሩም ነገር መጻፍ ይችላል። ጠንቀቅ የምለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ጅቡን ለቱሪስት እንደሚቀርብ ትርዒት ብቻ አታምጡት። ለሐረር ሰው ጅብ የሌሊት ጎረቤት ነው፣ ታሪኩም እዚያ ቢቆም ይሻላል።

8. ጆሮ ላይ ሞክሩት

ወረቀት ላይ ያማረ ሎግላይን አፍ ላይ ሊሰበር ይችላል። ሳታነቡ በቃላችሁ ተናገሩት። የሚያደናቅፋችሁ ቃል ካለ እሱ ነው መውጣት ያለበት።

ከዚያ ለሰው ንገሩ። የፊልም ሰው አትምረጡ፣ እሱ ያርማችኋል እንጂ አይሰማችሁም። ጎረቤት፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ሻይ የምታፈላ እናት ይሻላሉ። ድሬ ለዚህ ታድላለች፤ ሙቀቱ በረድ ሲል ሁሉም ደጅ ይወጣል፣ የማያውቁትን ሰው «አንተ» ብሎ ማውራት ነውር የለውም። «አንድ ፊልም ልጽፍ ነው፣ ስማኝማ» ብላችሁ ንገሩና ዝም በሉ። አታብራሩ። ማብራራት ከጀመራችሁ ፈተናው ተበላሸ።

«ጥሩ ነው፣ በርታ» ካላችሁ ትሁት ሰው ነው፣ ሎግላይኑ ግን አልሠራም። «አቦ፣ ከዚያስ?» ካላችሁ ሠርቷል። «እናትየዋ ግን ለምን አትነግረውም?» ብሎ ከተከራከራችሁ ደግሞ እጅግ በጣም ጥሩ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ሰው ወስዷቸዋል። ጥያቄውን ጻፉት፣ ስክሪፕቱ ውስጥ መመለስ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና በማግስቱ ነው። ያንኑ ሰው አግኝታችሁ «ትናንት የነገርኩህ ታሪክ ምን ነበር?» በሉት። የሚያስታውሰውን ልብ ብላችሁ ስሙ። «ያ ጉምሩክ፣ የእናቱን ቋጠሮ ያገኘው» ካለ ቋጠሮው የታሪኩ እምብርት ነው። የረሳውን ነገር ደግሞ በርኅራኄ አትመልሱት፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ ትርፍ ነበር።

ሰዎቹ የሚሰጧችሁን ምክር ሁሉ መቀበል የለባችሁም። ደብሯቸው የሄዱበትን ቦታ ግን እመኗቸው።

9. ከመላካችሁ በፊት

ለፕሮዲዩሰር በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ስትልኩ ሎግላይኑ ከላይ ይቅደም። ከሰላምታ በኋላ የፊልሙ ርዕስ፣ ዓይነቱ (ድራማ፣ ኮሜዲ፣ ትሪለር)፣ ርዝመቱ፣ ከዚያ ሎግላይኑ። ስለ ራሳችሁ ሁለት መስመር ከታች። ሲኖፕሲሱንና ስክሪፕቱን «ከፈለጉ እልካለሁ» በሉ፤ ያልተጠየቀ 110 ገጽ የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው። በመልእክቱ ለማታውቁት ሰው «እርስዎ» በሉ፣ የድሬ ልማድ በጽሑፍ ሁሉ ቦታ አይሠራም።

«ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። ስለዚህ ሕጉን እወቁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለተጻፈው ሥራ ነው፤ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። «ኮንትሮባንዲስት እናትና ፈታሽ ልጅ» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊጽፍበት ይችላል። የጻፋችሁት ስክሪፕት ግን የእናንተ ነው። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ሎግላይኑን ለጎረቤት ሞክሩ፣ ለገበያ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ቢያንስ ዝርዝር ሲኖፕሲስ፣ ቢቻል የመጀመሪያ ረቂቅ ይኑራችሁ። መቼ ለማን እንደላካችሁ የሚያሳየውን መልእክትም አታጥፉት።

ለውጭ ፌስቲቫል ወይም ፈንድ ከሆነ ሎግላይኑን ቃል በቃል አትተርጉሙት። ታሪኩን ይዛችሁ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ጻፉት። «እስከ ቁልቢ ንግሥ» የሚለው ለባዕድ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ እዚያ «በዓመቱ ትልቁ የጉዞ በዓል ዋዜማ» ዓይነት ነገር ያስፈልጋል። ግሡም ቀድሞ ይመጣልና የመጨረሻው ምት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

10. ስክሪፕቱን ስትጽፉ

ሎግላይኑን ጽፋችሁ ከጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉት። አንድ ሲን ስትጨርሱ ቀና ብላችሁ እዩት። ሲኑ ልጁን ወደ ኬላው ካላቀረበው ወይም ከእናቱ ካላራቀው፣ ምንም ያህል ቢያምር ለሌላ ፊልም አስቀምጡት።

ከመካከል ግን ታሪኩ ሊያፈነግጥ ይችላል። ስትጽፉ ስትጽፉ እናቲቱ ከልጁ ትበልጥባችኋለች። ምርጥ ሲኖች ሁሉ የእሷ ይሆናሉ። ያኔ ቆም በሉና አንድ ከሰዓት ስጡት። ሎግላይኑን ከእሷ በኩል እንደገና ጻፉ፦ «ልጇን ለማስተማር የተበደረች ኮንትሮባንዲስት፣ የመጨረሻውን ጭነት ማሳለፍ ያለባት ልጇ በሚጠብቀው ኬላ ነው።» ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለዚያው ጎረቤት ንገሩ። «ከዚያስ?» ያሰኘው የእሷ ከሆነ ስክሪፕቱን ከእሷ ጀምራችሁ እንደገና አዋቅሩት፣ ያሰኘው የልጁ ከሆነ የእሷን ሲኖች አሳጥሩ።